ባለ 24 ገጽ ኮሚክ በራስ እጅ፦ ከድርሰቱ እስከ ስፌቱ፣ ከዚያም እስከ ፊልም ውሉ

ኮሚክ ተጀምሮ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በሥዕል ችሎታ ማነስ አይደለም። ሠዓሊው ስድስት ሰባት ገጽ አሳምሮ ይሥላል፤ ከዚያ ንግግሩን ላስገባ ሲል ቦታ ያጣል። ንግግሩ የሚጻፍበት አረፋ የሰውየውን ፊት ይሸፍናል። ፊደሉን ቢያሳንሰው አይነበብም። ገጹን እንደገና እንዳይሥል ጉልበቱ አልቋል። ሥራው እዚያው ይቆማል።

ይህ መመሪያ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ ለሚሠራ ሰው ነው። መድረሻው ባለ 24 ገጽ፣ ጥቁርና ነጭ፣ መሐሉ በሽቦ የተሰፋ ኮሚክ ነው። በትልልቅ አሳታሚዎች ዘንድ ደራሲው፣ በእርሳስ የሚሥለው፣ በቀለም የሚያጠነክረው፣ የሚያቀልመውና ፊደል የሚጽፈው የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ፊደል ጻፊው የሚደርሰውም መጨረሻ ላይ ነው። ብቻዎን ሲሠሩ ግን ያ ተራ አያስገድድዎትም። ፊደሉን ቀድመው ቦታ ያስይዙት፣ ሥዕሉ በተረፈው ይሣል። በዚህ ነጥብ ላይ ፈጽሞ አንደራደርም፤ ምክንያቱን ቃላቱ ዘንድ ስንደርስ እናሳያለን።

መጠኑ ይቅደም

የመጽሐፉ መጠን ሳይወሰን እርሳስ አይነሣ። ለመጀመሪያ ሥራ ኤ5 ይበቃል፤ 148 በ210 ሚሊ ሜትር ነው። ኤ4 ወረቀት መሐል ለመሐል ሲታጠፍ የሚገኘው መጠን ስለሆነ ተራ ሌዘር ፕሪንተር ያትመዋል። የአሜሪካ ወርሃዊ ኮሚኮች ከዚህ ተለቅ ይላሉ፣ 16.8 በ26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፤ በዚያ ልክ ለመሥራት ግን ሰፋ ያለ ወረቀት የሚያትምና የሚከረክም ማተሚያ ቤት ያስፈልጋል።

ሥዕሉ የሚሣለው ከሚታተመው ገጽ ተለቅ ብሎ ነው። ሲያንስ የእጅ መንቀጥቀጥ ይጠፋል፣ መስመሩም ይጠብቃል። ለኤ5 መጽሐፍ የኤ4 ልክ ጥሩ ነው፤ 1.41 እጥፍ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ኤ4 ወረቀት ገዝቶ እስከ ጠርዙ ይሥላል። ሥዕሉ እስከ ገጹ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ ግን በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ያስፈልገዋል፤ የሚከረክመው ቢላ ትንሽ ሲንሸራተት ጠርዙ ላይ ነጭ ክር የሚታየው ትርፍ ሳይኖር ሲቀር ነው። ያ 3 ሚሊ ሜትር በሥዕሉ ልክ ሲሰላ ከ4 ይበልጣል፤ ኤ4 ላይ ደግሞ ምንም ቦታ አልቀረም። ስለዚህ ወረቀቱ ኤ3 ይሁን፣ በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 200 ግራም፣ ፊቱ ለስላሳ የሆነ። ሻካራ ወረቀት ቀለም ያበላሻል፤ ብዕሩ ክር እየመዘዘ ይሄዳል። መሐሉ ላይ ሦስት አራት ማዕዘን ያስምሩ፦

220 በ307 ሚሊ ሜትር — እስከ ጠርዝ የሚሄድ ሥዕል የሚያቆመው እዚህ ነው።
210 በ297 — ቢላው የሚያልፍበት።
182 በ269 — ንግግር፣ ፊትና የገጽ ቁጥር ከዚህ አይወጡም።

የውስጠኛውን ክፈፍ በሦስት ረድፍ ይክፈሉት፦ እያንዳንዱ ረድፍ 85 ሚሊ ሜትር ከፍታ፣ በረድፎቹ መካከል 7 ሚሊ ሜትር። ረድፉን ለሁለት ፓነል፣ ማለትም አንድ አንድ ሥዕል ለሚይዙ ሁለት ሳጥኖች፣ ሲከፍሉ ደግሞ የመሐሉን ክፍተት 4 ሚሊ ሜትር ያድርጉት፤ እያንዳንዱ ፓነል 89 ሚሊ ሜትር ስፋት ያገኛል። ወደ ታች ያለው ክፍተት ወደ ጎን ካለው መስፋቱ ሆን ተብሎ ነው። ዓይን ወደሚቀርበው ይሄዳል፤ ክፍተቶቹ እኩል ሲሆኑ አንባቢ ከአንደኛው ፓነል ወደ ቀኝ መሄዱን ትቶ ወደ ታች ይወርዳል።

ይህን ንድፍ አንድ ጊዜ በጥቁር አስምረው ከሥር የሚያበራ መስታወት ወይም መስኮት ላይ በማድረግ ለ24ቱም ገጽ ይገልብጡት። በየገጹ በማስመሪያ እየለኩ ማስመር ጊዜ ይበላል፤ ስሕተትም ያመጣል።

ታሪኩን መመጠን

መሐሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ የገጹ ቁጥር ለ4 መካፈል አለበት። 22 ገጽ ጽፎ ማተሚያ ቤት መሄድ ሁለት ባዶ ገጽ ይዞ መመለስ ነው። 24 ገጽ በአማካይ አምስት ፓነል ቢይዝ 120 ፓነል ይሆናል፤ ታሪኩ በዚህ ውስጥ መግባት አለበት።

አንድ ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 24 ቁጥር ይደርድሩና ከእያንዳንዱ ፊት በዚያ ገጽ የሚሆነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ጎዶሎ ቁጥሮቹ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ናቸው፣ ሙሉዎቹ በግራ። አንባቢ ገጹን ገልጦ መጀመሪያ የሚያየው ሙሉ ቁጥሩን ነው። ድንገተኛው ነገር፣ ማለትም ጭምብሉ የሚወልቅበት፣ የሞተው ሰው ተመልሶ በር ላይ የሚቆምበት ሥዕል፣ በሙሉ ቁጥር ገጽ የመጀመሪያ ፓነል ላይ ይዋል። በጎዶሎ ገጽ ላይ ካዋሉት አንባቢው የግራውን ገጽ ሲያነብ በዓይኑ ጥግ ያየዋል፤ ምሥጢሩም አልቋል። የጎዶሎው ገጽ የመጨረሻ ፓነል ደግሞ ጥያቄ ይሁን፦ እጅ መዝጊያው ላይ፣ ከኋላ የወደቀ ጥላ።

ሁለት ገጽ ሙሉ የሚይዝ ሥዕል ካሰቡ 12ኛውና 13ኛው ላይ ያድርጉት። በዚህ አሰፋፍ ሁለቱ ገጾች አንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚታተሙት እዚያ ብቻ ነው። በሌላው ሁሉ የግራውና የቀኙ ገጽ ከተለያየ ወረቀት ስለሚመጡ፣ የሰውየው ክንድ መሐሉ ላይ ተሰብሮ ይታያል።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሮቹ እንምጣ። አማርኛ ብዙ ድርጊት በአንድ ትንፋሽ ይናገራል፤ «በሩን ከፍቶ፣ ገብቶ፣ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ» ብለን አንድ ነገር የተናገርን ይመስለናል። ፓነል ግን አንድ ቅጽበት ነው የሚይዘው። እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ፓነል አለ። ድርሰትዎን ሲያርሙ ቦዝ አንቀጾቹን ሁሉ በቀይ ያስምሩባቸው፤ ከፍቶ፣ ገብቶ፣ አውልቆ። እያንዳንዱ ወይ የራሱን ፓነል ይውሰድ፣ ወይ ይውጣ። ኮቱ ቀጥሎ ባለው ሥዕል ወንበር ላይ ተሰቅሎ ከታየ «አውልቆ» የሚባለውን ማንም አይፈልገውም። ይህን ያልሠራ ድርሰት ለሠዓሊ ሲሰጥ በአንድ ፓነል አንድ ሰው ሦስት ነገር እንዲያደርግ ይጠየቃል።

ከልዕለ ጀግና ፊልሞች ፍቅር ተነሥተው ወደ ኮሚክ የሚመጡ ሰዎች ፍልሚያውን ያስረዝሙታል። ፊልም በሴኮንድ 24 ሥዕል ያሳያል፤ እርስዎ ለጠቅላላው ድብድብ 15 ወይም 20 ሥዕል አለዎት። ከሦስት አራት ገጽ አያሳልፉት። ቡጢውን ሲያርፍ ከመሣል ሊያርፍ ሲል፣ ክንዱ ወደ ኋላ ተስቦ ወገብ ሲዞር፣ ወይም ካረፈ በኋላ፣ ተመቺው አየር ላይ እያለ ይሣሉት። መካከለኛው ቅጽበት ወረቀት ላይ ሕይወት የለውም፤ ቡጢው አገጭ ላይ የተለጠፈ ይመስላል።

ቃላቱ

የእንግሊዝኛ ኮሚክ ጸሐፊዎች ለአንድ ፓነል 35 ቃል፣ ለአንድ ገጽ 210 ቃል የሚል ጣሪያ ሲጠቅሱ ይሰማል። ያንን ወደ አማርኛ ይዞ መምጣት ጥፋት ነው። «አልነገርኳቸውም» አንድ ቃል ነው፤ ዘጠኝ ፊደል። ውስጡ ግን ተናጋሪው፣ የተነገራቸው ሰዎች፣ ድርጊቱና አለመደረጉ አሉ። ቃላችን ረጅም ስለሆነ ጠባብ አረፋ ውስጥ አንድ ቃል አንድ መስመር ይሞላል፤ ሁለት ቃል ሲሆን ደግሞ ይሰበራል። በኤ5 ገጽ ላይ ለአንድ አረፋ 12 ቃል፣ ለአንድ ገጽ 80 ቃል ይብቃዎት። ከዚያ ካለፈ ሥዕሉ ምን ሊሠራ ነው?

አንድ ምሳሌ። ሌሊት ነው፤ አንድ ወጣት በር ያንኳኳል። ድርሰቱ ላይ አሮጊቷ እንዲህ ይላሉ፦

«ማነህ አንተ በዚህ ውድቅት ሌሊት የሰው በር እንዲህ የምታንኳኳው? እኔ አሮጊት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምኖረው። የምትፈልገው ሰው ካለ ነገ ጠዋት ተመልሰህ ና።»

22 ቃል። ሌሊት መሆኑ በጥቁር ሰማይና በእጃቸው ባለው ሻማ ይታያል። አሮጊት መሆናቸው ፊታቸው ላይ አለ። ብቻቸውን መሆናቸውን ከኋላቸው ያለው አንድ ወንበርና አንድ ስኒ ይናገራል። የሚቀረው፦

«ማነህ? ነገ ጠዋት ና።»

አራት ቃል፤ አሮጊቷም ይበልጥ አስፈሪ ሆኑ። ድርሰቱን በሙሉ እንዲህ ይሂዱበት። ሥዕሉ የሚናገረውን ቃሉ አይድገመው።

የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ በጽሑፋችን አይለይም፤ ይህ ለኮሚክ ልዩ አደጋ ነው፤ አረፋው አጭር ስለሆነ ዙሪያው ያለው ቃል አያግዝም። «ይሰማል» የሚል የትረካ ሳጥን ጆሮውን በር ላይ ከለጠፈ ልጅ ሥዕል በላይ ቢቀመጥ፣ ልጁ ነው የሚሰማው ወይስ ድምፅ ይሰማል? «አባቱ አለ» ሲባል ተናገረ ነው ወይስ እዚያ ነው ያለው? እንዲህ ያለ ቃል ሲያገኙ ይለውጡት፣ ወይም ሥዕሉ እንዲፈታው ያድርጉ።

የድምፅ ቃላት ላይ ግን አማርኛ የታደለ ነው። ከሌላ ቋንቋ የተገለበጠ «ቡም» እና «ክራሽ» ለምን እንደሚጻፍ አይገባንም። በር ሲከፈት «ሲጥጥ»፣ ሲዘጋ «ጥርቅም»፣ ከባድ ነገር ሲወድቅ «ዱብ»፣ ሲላተም «ገጭ»፣ ጥፊ «ጧ»፣ ውሃ ሲወርድ «ሿ»፣ እሳት ሲነሣ «ቦግ»። «አለ» የሚለውን ጅራት ይቁረጡት፤ ሥዕሉ ብሏል። ድምፁ ሲረዝም የሚደጋገመው የመጨረሻው ፊደል ነው፤ «ሿሿሿ»፣ «ሲጥጥጥ»። እነዚህ ፊደላት በእጅ ይሣሉ፣ ከፓነሉ ጋር አብረው ይታሰቡ፤ «ጥርቅም» በበሩ አቅጣጫ ይዝመም፣ «ዱብ» ወደ ታች ይክበድ። ከኮምፒውተር ፎንት ተወስዶ የተለጠፈ የድምፅ ቃል ከሥዕሉ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል።

ትንንሽ ንድፎች

6 በ8.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 24 ትንንሽ ገጾች ያስምሩ። ለእያንዳንዱ መጀመሪያ ፓነሎቹን፣ ቀጥሎ አረፋዎቹን፣ መጨረሻ ሰዎቹን። ሰዎቹ ክብና ዱላ ቢሆኑ ይበቃል። ሥራው የሚፈርሰውም የሚቃናውም እዚህ ነው፤ አንድን ገጽ እዚህ መለወጥ አምስት ደቂቃ ነው፣ በቀለም ከጠነከረ በኋላ ሁለት ቀን።

አረፋዎቹን ሲያስቀምጡ መጀመሪያ የሚናገረው ሰው በግራ ይቁም፤ አረፋውም ከላይ ይሁን። ጀግናው በቀኝ ቆሞ ቀድሞ ከተናገረ የሁለቱ አረፋዎች ጅራት ይጠላለፋል፤ ይህን በፊደል ማስተካከል አይቻልም፣ ሰዎቹን ማዘዋወር ብቻ ነው መፍትሔው። ጅራቱ ወደ አፍ ያመልክት፤ ግማሽ መንገድ ሲደርስ ይቁም። ወደ ደረት ወይም ወደ ፀጉር ያመለከተ ጅራት ያደናግራል።

በሁለት ሰዎች መካከል አንድ የማይታይ መስመር ያስቡ፤ በንግግሩ መሐል ወደ ሌላው የመስመሩ ጎን ተሻግረው አይሣሉ። ከተሻገሩ በግራ የነበረው ሰው በቀኝ ይመጣል፣ አንባቢም ማን ማን እንደሆነ ይጠፋዋል። በግራ ሁለት ፓነል ደርበው በቀኝ አንድ ረጅም ፓነል ማቆምም ወጥመድ ነው፦ አንባቢ ከላይኛው ትንሽ ፓነል ቀጥታ ወደ ረጅሙ ይዘላል፣ የታችኛውን ሳያነብ ያልፋል። ተገላቢጦሹ፣ ረጅሙ በግራ ሁለቱ በቀኝ፣ ያለ ችግር ይነበባል።

ሌላው የሚያስቸግረው የመስመሮች መነካካት ነው። የሰውየው ራስ አናት የፓነሉን ጠርዝ ልክ ነክቶ ሲያቆም ጣሪያ የደገፈ ይመስላል። ወይ ጠርዙ ይቁረጠው፣ ወይ በግልጽ ይራቅ።

24ቱ ሲያልቁ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ይስጡ። አያስረዱ። ጣቱን በፓነሎቹ ላይ እያሳለፈ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ጣቱ የቆመበት ወይም የተመለሰበት ገጽ ይታረማል።

እርሳስ፣ ፊደል፣ ቀለም

በእርሳስ ሲጀምሩ የመጀመሪያው ሥራ የፊደል መስመር ማስመር ነው፦ ለፊደሉ 3.5 ሚሊ ሜትር ከፍታ፣ በመስመሮቹ መካከል 2 ሚሊ ሜትር። የላቲን ኮሚክ ፊደል ሁሉም ካፒታል ስለሆነ ቁመቱ አንድ ነው፤ መስመሮቹም ሊጠጉ ይችላሉ። የእኛ ፊደል እግርም ራስም ያወጣል፤ ሲጠጋ የላይኛው እግር የታችኛውን ራስ ይወጋል። በኮምፒውተር ለሚጽፉ የሚታተመው ፊደል ከ8.5 ነጥብ እንዳያንስ፤ በሥዕሉ ልክ 12 ነጥብ ይሆናል፤ የመስመሩ ርቀት ደግሞ የፊደሉ መጠን 125 በመቶ ይሁን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ በነጻ ፈቃድ የሚገኙ ፎንቶች ናቸው፤ ሌላ ፎንት ከመረጡ ለሽያጭ ሥራ መፍቀዱን ያረጋግጡ። የእጅ ጽሑፍ ግን ከሥዕሉ ጋር አንድ እጅ ስለሆነ ከሁሉም ያምራል፤ የተመታ ፊደል ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ለሌለው ሰው አማራጭ ነው እንላለን።

አንድ ነገር በአጉሊ መነጽር ይዩ። የ«ሌ» ቀለበት ትንሽ ሆኖ ከተጻፈ ቀለም ይሞላውና «ሊ» ይሆናል። «ሌባ» የሚል ጩኸት «ሊባ» ሆኖ ታትሞ ይወጣል። «ጬ»፣ «ኜ»፣ «ቤ» ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ቀለበቱን ከለመዱት አስፍተው ይክፈቱት፣ ብዕሩም ከ0.4 ሚሊ ሜትር አይወፍር። ለማጉላት ዘመም ያለ ፊደል በአማርኛ የተበላሸ ይመስላል፤ ይልቅ ያወፍሩት። ጩኸት ይተልቅና አረፋው ይሾል፤ ሹክሹክታ ይነስና የአረፋው መስመር ይቆራረጥ።

ፊደሉ በእርሳስ ሲገባ የአረፋውን ዙሪያ ይሣሉ፤ በፊደሉና በመስመሩ መካከል የአንድ ፊደል ስፋት ይተዉ። ከዚያ ሰዎቹንና ዳራውን ይሣሉ። አሁን ቦታው የታወቀ ነው፤ አረፋ ሥር ሊደበቅ ለሚችል መስኮት ሁለት ሰዓት አያጠፉም።

ቀለም የማይለቅና ውሃ የማያበላሸው ይሁን። ብዕሩ 0.8 ሚሊ ሜትር ለቅርብ ነገርና ለሰው ዙሪያ፣ 0.5 ለፊትና ለልብስ እጥፋት፣ 0.3 ለሩቅ ዳራ። ሁሉን በአንድ ውፍረት መሥራት ሥዕሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ትልልቅ ጥቁሮችን በብሩሽ ይሙሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይደርቁ ላጲስ አይንካቸው። ላጲስ ራሱ ጥቁሩን ያሳሳል፤ ስለዚህ ንድፉን በፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ መሥራት ላጲስን ጨርሶ ያስቀራል፤ ሰማያዊው በስካን ጊዜ ይወገዳል።

ስካን

የኤ4 ስካነር 220 በ307 ሚሊ ሜትሩን በአንድ ጊዜ አይይዘውም። ገጹን አጋድመው ሁለቴ ስካን ያድርጉ፤ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ። የስካነሩን ክዳን ከበድ ባለ መጽሐፍ ይጫኑት፤ ወረቀቱ ከመስታወቱ ከተነሣ መገጣጠሚያው ላይ ጥላ ይመጣል።

600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ በቀለም። ሥዕሉ ወደ ኤ5 ሲያንስ 850 ገደማ ይደርሳል፣ ለመስመር ሥዕል በቂ ነው። ሰማያዊ እርሳስ ከተጠቀሙ በሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም የቀዩንና የአረንጓዴውን ቻናል (ምስሉ የተሠራበትን የቀለም ክፍል) ትተው የሰማያዊውን ብቻ ይውሰዱ፤ እርሳሱ እዚያ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ከዚያ ሌቭልስ በሚባለው የብርሃንና ጥቁረት ማስተካከያ ነጩን አጽድተው ጥቁሩን ያጥቁሩ። የመጨረሻው ፋይል ትርፉን ጨምሮ 154 በ216 ሚሊ ሜትር በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም 3638 በ5102 ፒክስል ይሆናል። ጄፔግ አያድርጉት፣ በመስመሮቹ ጠርዝ ላይ ቆሻሻ ይተዋል፤ ቲፍ ወይም ፒኤንጂ ይሁን።

ፊደልዎ በኮምፒውተር የተጻፈ ከሆነ ራሱን በቻለ ሌየር (ንብርብር) ይቀመጥ፤ ከሥዕሉ ጋር አይጣበቅ። ስሕተት ሲገኝ ለማረምም፣ በሌላ ቋንቋ ለማተምም ያስፈልጋል።

ግራጫ ከጨመሩ ሦስት እርከን ይበቃል፦ 20፣ 40 እና 70 በመቶ። ከ10 በመቶ በታች ያለው በሌዘር ላይ ይጠፋል። በነጠብጣብ የተሠራ ግራጫ ከሆነ ደግሞ መጠኑን ከለወጡ በኋላ ይጨምሩት፤ ነጠብጣቡን አስገብተው ሥዕሉን ቢያሳንሱ ሞገድ የመሰለ ዝብርቅርቅ ይፈጠራል። ግራጫ በማተሚያ ላይ ሁልጊዜ አስቸጋሪ ነው። የኮሚክ ጀግናው ሃልክ በ1962 በመጀመሪያው እትም ግራጫ ነበር፤ ቀለሙ ከገጽ ገጽ እየተለዋወጠ ስላስቸገረ በሁለተኛው እትም አረንጓዴ ሆነ።

ማተምና መስፋት

ለውስጡ ከ90 እስከ 115 ግራም ወረቀት ይምረጡ። 80 ግራም ከሆነ የኋላው ገጽ ጥቁር ወደ ፊት ይታያል። ለሽፋኑ ከ200 እስከ 250 ግራም። ከትእዛዝ በፊት የወረቀቱን የክር አቅጣጫ ይፈትኑ፦ በሁለቱም በኩል ቀስ ብለው ያጥፉት፤ በቀላሉ የሚታጠፈው ከክሩ ጋር ነው። የሽፋኑ እጥፋት ከክሩ ጋር ካልሄደ ይሰነጣጠቃል። እጥፋቱ ላይ ሙሉ ጥቁር አይዋል፤ የሌዘር ዱቄት እዚያ ይላጣል።

24 ገጽ ስድስት ኤ4 ወረቀት ነው። ጥንዶቹ ሲደመሩ ሁልጊዜ 25 ይሆናሉ፦ የውጭኛው ወረቀት በአንድ ፊት 24 እና 1፣ በሌላው 2 እና 23፤ የመሐለኛው በአንድ ፊት 12 እና 13፣ በጀርባው 14 እና 11። ፒዲኤፍ ማንበቢያዎች ብዙዎቹ «ቡክሌት» የሚል ምርጫ ስላላቸው ይህን ራሳቸው ይደረድራሉ፤ ሁለቱንም ፊት ሲያትሙ «በአጭሩ ጠርዝ ገልብጥ» የሚለውን ይምረጡ፣ ካልሆነ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል። ማተሚያ ቤት የሚሄዱ ከሆነ ግን ገጾቹን ከ1 እስከ 24 በተራ ይስጡ፤ ድርደራው የእነሱ ሥራ ነው፣ ሁለቴ ሲደረደር ይመሳቀላል። የቤት ፕሪንተር በዙሪያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ማተም አይችልም፤ ስለዚህ በቤት ለሚያትም እስከ ጠርዝ የሚሄድ ሥዕል ሳይኖር ይሻላል።

ሽፋኑ ባለ ቀለም ከሆነ ፋይሉ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በአራቱ የማተሚያ ቀለማት፣ ይሁን። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል፤ ቀይሮ ማየት ከድንጋጤ ያድናል። ሰፊ ጥቁር በጥቁር ቀለም ብቻ ሲታተም ጥቁር ግራጫ ይመስላልና ሰማያዊ 60፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40፣ ጥቁር 100 ይስጡት። ለፊደል ግን ይህን ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ አራቱ ቀለማት በጥቂቱ ሲዛነፉ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። ፊደል ጥቁር 100 ብቻ።

አንድ ቅጂ አትመው፣ አጥፈው፣ ሰፍተው፣ ከርክመው፣ አንብበው ካልጨረሱ ቀሪውን አያዝዙ።

ስፌቱ ሁለት ሽቦ ነው፤ ከላይና ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ፣ ልክ እጥፋቱ ላይ። ክንደ ረጅም ስቴፕለር ከሌለ ተራውን ስቴፕለር ይክፈቱት፣ ወረቀቱን ወፍራም ካርቶን ላይ ዘርግተው ከሽፋኑ በኩል ይምቱ፣ ከዚያ ካርቶኑን አላቅቀው የሽቦውን እግሮች በማንኪያ ጀርባ ያጥፉ። ወረቀቶቹ ሲደራረቡ መሐለኛዎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ በስድስት ወረቀት ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር። በብረት ማስመሪያና በአዲስ ምላጭ፣ ሳይጫኑ ደጋግመው ይከርክሙት። በአንድ ጊዜ በኃይል መቁረጥ ወረቀቱን ያዛባዋል።

የማን ነው?

ሁለት ሰው የሚሠራ ከሆነ የመጀመሪያው ፓነል ሳይሣል አንድ ገጽ ውል ይጻፉ። ባለቤትነቱ በመቶኛ፣ አንዱ ቢተው ሌላው መቀጠል መቻሉ፣ ገጸ ባሕርያቱን ለሌላ ሥራ ማን እንደሚፈቅድ፣ ስም የሚጻፍበት ቅደም ተከተል። ጓደኝነት ስላለ አይተዉት፤ ጓደኝነቱን የሚጠብቀው ይህ ወረቀት ነው። ፊልም ሠሪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የሸጠልኝ ሰው በእርግጥ ባለቤቱ ነው ወይ?

የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር በ1938 መብቱን በ130 ዶላር ሸጡ። ትልቁ ፊልም ሲታሰብ፣ በ1975፣ ከብዙ ሙግትና ከሕዝብ ጫና በኋላ ነው መብቱን የያዘው ኩባንያ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ሊከፍልና ስማቸውን በሥራው ላይ ሊመልስ የተስማማው። በ1984 ኬቨን ኢስትማንና ፒተር ላይርድ ስለ ኒንጃ ኤሊዎቹ ጥቁርና ነጭ ኮሚክ በራሳቸው አሳተሙ፤ የመጀመሪያው እትም ሦስት ሺህ ቅጂ ገደማ ነበር። መብቱ በእጃቸው ስለነበረ በ1990 ፊልሙ ሲወጣ ባለቤቶቹ እነሱ ነበሩ። በ1992 ደግሞ ሰባት ሠዓሊዎች ሥራው የሠሪው ሆኖ እንዲቀር ኢሜጅ ኮሚክስ የተባለውን አሳታሚ መሠረቱ። በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት የሥዕል ብቃት አይደለም፤ የተፈረመው ወረቀት ነው።

የፊልም ጥያቄ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ግዢ ሳይሆን ኦፕሽን ነው፤ ፕሮዲውሰሩ ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ለ12 ወይም ለ18 ወራት፣ ለሌላ እንዳይሸጡ ያስይዛል። ያ ገንዘብ በኋላ ከዋናው ዋጋ ይታሰብ ወይም አይታሰብ ውሉ ላይ ይጻፍ። ዋናው ዋጋም አሁኑኑ በቁጥር ይወሰን፤ «ወደፊት በስምምነት» የሚል ቃል አይፈረምም። ጊዜው ሲያልፍ መብቱ ያለ ምንም ደብዳቤ ወደ እርስዎ ይመለስ። ኮሚኩን ማተም፣ ተከታዩን መጻፍና መሸጥ ለእርስዎ ተጠብቆ ይቅር። «ከተጣራ ትርፍ» ድርሻ ከቀረበልዎ በእሱ ተመክተው ዋጋ አይቀንሱ፤ ወጪው እየተቀነሰ የተጣራ የሚባለው ላይ ሳይደርስ የሚቀር ብዙ ነው። ቀረጻ በሚጀመርበት ቀን የሚከፈል ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይሻላል። ስምዎ በፊልሙ ላይ የሚጻፍበት ቃልና ቦታ ቃል በቃል ይስፈር። ይህን ሁሉ የቅጂ መብት የሚያውቅ ጠበቃ ያንብበው።

ለፊልም ሠሪ የሚላከው ፋይል ትንሽ ነው፦ አንድ ገጽ የታሪክ መግለጫ ከነመጨረሻው፣ ያለቁ ከአምስት እስከ ስምንት ገጾች፣ የዋና ገጸ ባሕርያት ሥዕል ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ። መጨረሻውን ለመደበቅ ብሎ የሚያስቀር ሰው አለ፤ ገዢው ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ሳያውቅ አይገዛም። ስካን ያደረጓቸውን የ600 ዲፒአይ ፋይሎች ግን አይላኩ፤ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ፒዲኤፍ ይበቃል፣ ዋናዎቹ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ከእርስዎ ዘንድ ይቆዩ።